ቅሬው ለቤት የወጣ ዕለት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። መርሳን በሰኔ የሚያውቅ ይፍረድልኝ፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ! ላቤ በጀርባዬ እየወረደ የማሠልጠኛችን ዳይሬክተር ስለ እኔ ሲናገር ሰማሁ። ንግግሩ ያምር ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መሰለኝ እንጂ ምንም አልጎደለውም። ሲጨርስ አንዲት ሠልጣኝ እጇን አወጣችና «ጋሽ ሰዒድ፣ በሥራ ዘመንዎ ከሠሯቸው ቤቶች የትኛውን ይወዱታል?» አለችኝ።

«የወደቀውን» አልኳት።

አዳራሹ ሳቀ። ሽማግሌ ሲሰናበት የሚናገረው ሁሉ ቀልድ ይመስላቸዋል። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ምሳ ስለተሄደ ነገሩን ሳልጨርሰው ቀረሁ። እነሆ አሁን ልጨርሰው። ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ግን አይገባችሁምና ትንሽ ታገሡኝ።

ሥራ የጀመርኩት ወልድያ፣ ጭቃ አቡኪ ሆኜ ነው። ከመርሳ በጭነት መኪና ተንጠልጥዬ ሄድኩና አንድ መጋዘን የሚሠራበት ግቢ በር ላይ ቆምኩ። ከውስጥ አጠር ያሉ፣ ማተባቸው በላብ የጠቆረ ሰውዬ ወጥተው «እጅህን አሳየኝ» አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይሄ ማሽላ ያጨደ እጅ ነው። ግባ፤ ድንጋዩ ያስተምርሃል» አሉኝ።

አያ በለጠ ይባላሉ። የጉባ ላፍቶ ደገኛ፣ ክርስቲያን፣ ወልድያ ውስጥ ያኔ ከነበሩት ግንበኞች ሁሉ አፋቸው የከፋ። እኔ የቆላ እስላም ልጅ ነኝ። አርብ ሲሆን «ሂድ ስገድ፤ ግንቡ የትም አይሄድብህም» ብለው ያባርሩኛል። የቤቱ ባለቤት እስላም ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ድንጋይ እሳቸው አያስቀምጡም። «ና ቢስሚላህ በልና አንተ አስቀምጥ፤ እኔ ካስቀመጥኩት ቤቱ ግራ ይገባዋል» ይሉኛል። ሙሉ ቀን ሲሰድቡኝ ውለው ማታ ግማሽ ዳቧቸውን የሚሰጡኝ ሰው ነበሩ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ምሳ ከበሉ በኋላ ትናንት በተገነባው ግንብ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ዓይናቸውን መጨፈን ነው። ያንቀላፉ ይመስላል። አንዳንድ ቀን ግን ድንገት ብድግ ይሉና «ጀርባዬን ቆረቆረኝ» ብለው ግማሹን ግድግዳ ያፈርሱታል። መጀመሪያ ሰሞን አበዱ ብዬ ነበር። በኋላ የግንብ ቀጥታ መለኪያውን ቱንቢ ሳወርድበት በእርግጥም ግንቡ ሆዱን ነፍቶ አገኘሁት። እኔም ያንን ልማድ ወርሼ ይኸው ጀርባዬ ዛሬ በወገብ ሕመም ይከፍልልኛል።

ሁለተኛው ልማዳቸው የመሠረት ነው። መሬት ሳይቆፈር በፊት ዲጂኖውን ያነሡና ቦታውን እየዞሩ ይመቱታል። ይመቱና ብረቱን ይዘው ዝም ይላሉ። «ያልተነካ አፈር እጅህን መልሶ ይሰጥሃል፤ የተነካ አፈር ይውጠዋል» ይሉኝ ነበር። የተነካ የሚሉት ከዚህ በፊት ተቆፍሮ የተደፈነውን ነው። የድሮ ጉድጓድ፣ የድሮ ጎተራ፣ የማያውቁት ሰው መቃብር። በተነካ አፈር ላይ ቤት አይሠሩም ነበር፤ ባለቤቱ ቢለምን፣ ቢያለቅስ፣ ወይ ፍንክች!

ከእሳቸው ጋር ብዙ ቦታ ዞርኩ። ግራና ከተማ ገበያው አጠገብ ጤና ጣቢያ ሠራን፣ ውርጌሳ ትምህርት ቤት ሠራን። ብዙ አለቃም አየሁ። አንዱ ግንቡ ምንም ይሁን ምን ቀለሙ እንዲያምር ይፈልግ ነበር። ሌላው ሲሚንቶ በጎደለ ቁጥር ስብሰባ ይጠራል፤ ስብሰባው ሲሚንቶ ያመጣ ይመስል። ደመወዙ አንድ ጊዜ ይዘገያል፣ አንድ ጊዜ ጨርሶ ይረሳል። በማታ ተምሬ ወረቀት ያዝኩና በመጨረሻ መርሳ የግንባታ ሙያ አሠልጣኝ ሆኜ ተመደብኩ። አያ በለጠ ይሄንን ሲሰሙ «እንግዲህ አንተም ልትሳደብ ነው» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። የክርስቲያኑን ቀብር ጀናዛ ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ እኔ ግን በቀብራቸው ላይ በልቤ ያልኩት ዱዓ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጣ፣ ከረመብን፣ ሄደ። ዝርዝሩን የእኛ አገር ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው አልደግመውም። ከሽሽት ስንመለስ የሥልጠና ክፍላችን ባዶውን ቀርቷል። ባሬላ የለ፣ አካፋ የለ፣ የበሩ ማጠፊያ እንኳ ተነቅሏል። እኔ ጓሮዬ ቀብሬ ያተረፍኩት የአያ በለጠን ቱንቢና ዲጂኖ ብቻ ነበር። ከተማው ውስጥ ግማሹ ቤት በከባድ መሣሪያ ተመትቷል፤ ጣራ የሌለው፣ ግድግዳ የሌለው፣ ሁለቱም የሌለው። ቤት አልባው ሕዝብ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፍሮ ነበር።

እዚያ ከነበሩት አንዷ ዘሐራ ናት። ዘሐራን አውቶቡስ ላይ ሆኖ በመርሳ ያለፈ ሁሉ ያውቃታል። ፓፓያና ማንጎ በሣፋ ይዛ መስኮት ለመስኮት የምትሮጥ፣ «ካልጣፈጣችሁ ስትመለሱ አምጡት» እያለች የምትሸጥ ተጫዋች ሴት። ባሏ ከሚሊሻዎቹ ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። መርዶው መጣ፤ አስከሬኑ ግን አልመጣም፤ የት እንደወደቀም የሚያውቅ አልተገኘም። ቤቷ ተቃጥሏል። ሦስት ልጆቿን ይዛ አንድ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ሥር ትተኛለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሊከፈት ነው፤ ከክረምቱ በፊት ልቀቁ ተብለዋል። ወዴት? ማንም አያውቅም።

ያኔ ነው «አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ» የተጀመረው። ሐሳቡ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሁሉም የኔ ነው ይላል። ገንዘብ ያለው የለም፤ ታዲያ እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ቤት፣ ከአጥሩ፣ ከዶሮ ቤቱ አንድ ቆርቆሮ ያምጣ ተባለ። እኛ የማሠልጠኛው ሰዎች ሥራ አጥ የሆኑ ወጣቶችን እንሰበስባለን፤ ልጆቹ ሙያ እየተማሩ ቤቱን ይሠሩታል። የመጀመሪያው ቤት የዘሐራ ይሁን ተባለ። ያ ከቆመ ሌላው ይቀጥላል፤ ካልቆመ ግን ማንም ሁለተኛ ቆርቆሮውን አይነቅልም። ይሄንን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሱብሃነላህ! የመጣውን ብታዩ! ከግራና የሽንኩርት ነጋዴዎች በአህያ ጭነው ላኩ። ከውርጌሳ ባሕር ዛፍ አጣና መጣ፤ የአውቶቡስ ሾፌሮች ጣራ ላይ ጭነው በነፃ አደረሱት። አዲስ ቆርቆሮ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ሰማያዊ የተቀባ፣ ጥይት ወንፊት ያደረገው። ቀዳዳውን ሬንጅ እየቀባን ደፈንነው። አንዲት አሮጊት የራሷ ቤት ጣራ ግማሹ በላስቲክ ተሸፍኖ ሳለ አንድ ቆርቆሮ ተሸክማ መጣች። «እማማ፣ ይሄንን ይመልሱት፣ ለራስዎ ያስፈልግዎታል» ብላት «አንተ ግንበኛ ነህ ወይስ ዳኛ? ተቀበል!» አለችኝ። ተቀበልኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

የቸገረን የሰው ጉልበት ነው። ድንጋይ ከወንዝ ማውጣት፣ መሠረት መቆፈር በሠልጣኞቹ ብቻ አልሄድ አለ። ስለዚህ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ሼህ ይመር ሄድኩ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ያለበት። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ያን ጊዜ ያልወጣ ወየውለት። አካፋና ዶማ የያዘው ለመቃብር፣ ድንኳን የያዘው ለለቅሶ ቤት ይወጣል።

«ሼህ፣ ቅሬውን ለዘሐራ ቤት አንድ ቀን ያውጡልኝ» አልኳቸው።

«አይሆንም ሰዒድ» አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ቅሬ የሞት ነው። ዛሬ ለቤት ካወጣነው ነገ ለሠርግ፣ ከዚያ ለአጨዳ ይባላል። ያኔ ለጀናዛ ሲጠራ ማን ይወጣል? እኔ በግሌ እመጣለሁ፤ ቅሬው ግን አይመጣም።»

ተናድጄ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ሳስበው ግን ሰውየው ትክክል ነበሩ፤ እሱ የባሰ አናደደኝ።

ባለን ጉልበት ይሁን ብለን ጀመርን። ዲጂኖዬን አንሥቼ እንደ አያ በለጠ ቦታውን መታሁት። አራቱንም ማዕዘን መታሁ፤ እጄን መለሰልኝ። በየግድግዳው መሐል መታሁ፤ መለሰልኝ። ቆፈርን፣ መሠረት ጣልን፣ ዘሐራን ጠርተን ቢስሚላህ አስባልናት። ሠልጣኞቹ መጀመሪያ ስፓጎ የሚባለውን የመስመር ክር መወጠር የማይችሉ ነበሩ፤ ድንጋዩን ፊቱን ወደ ውጪ ማዞር፣ ሁለቱን ግንብ የሚያያይዘውን ረዥሙን ድንጋይ መምረጥ ተማሩ። አንዷ ልጅ ከእኔ የተሻለ ማዕዘን ታወጣ ጀመር። ግንቡ እስከ በሩ አናት ደረሰ። ዘሐራ ሱብሒ ከሰገደች በኋላ በየቀኑ እየመጣች ግድግዳውን በእጇ ትዳስሰዋለች።

ከዚያ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። ንጋት ላይ ዘሐራ እንደልማዷ ስትመጣ፣ ዓይኗ እያየ የምሥራቁ ግድግዳ መሬት ውስጥ ሰጠም አለና ማዕዘኑን ይዞት ወረደ። አስፋልቱ ላይ ወጥታ ጮኸች። «ቤቴ ፈረሰ! ሰዎች ኧረ ቤቴ ፈረሰ!»

አስፋልቱ ዳር የሚኖሩት አያ ሙሄ ናቸው፤ የቅሬያችን ጥሩምባ ነፊ። አንድ ጆሯቸው ከከባድ መሣሪያው ወዲህ አይሰማም፤ ሌላው ግን ይሄንን ጩኸት ሰማ። እንግዲህ እኛ አገር ሴት «ቤቴ ፈረሰ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ይታወቃል። ባሏ ሲሞት፣ ልጇ ሲሞት የምትለው ነው። አያ ሙሄ ባሏ ቀድሞ እንደሞተ ያውቃሉ። ከልጆቹ አንዱ ነው ብለው ደመደሙ። ደግሞስ የትኛው ጥሩምባ ነፊ ነው የሚያጣራው? ጥሩምባቸውን አነሡ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የዘሐራ ቤት ፈርሷል! ቅሬ ውጡ!»

እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ። የዘሐራ ልጆች ፊቴ ላይ መጡ። ትንሿ ልጅ ከትናንት ወዲያ ያስላት ነበር። ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። መንገዱን ሰው ሞልቶታል። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ተሸክመው፣ ሌሎቹ የድንኳኑን ብረት ይዘው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ገና ከሩቅ ለቅሶው ተጀመረ።

ዘሐራ የፈረሰው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ነበር። ይሄ ሁሉ ሕዝብ እያለቀሰ ሲመጣባት ብድግ ብላ «ማን ሞተ? ኧረ ንገሩኝ፣ ልጄ ናት?» ብላ ጮኸች። ሴቶቹም «ንገሪን እንጂ አንቺ፣ ማን ነው?» ይሏታል። እሷ እነሱን ትጠይቃለች፣ እነሱ እሷን ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። በዚህ መሐል ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ እየሮጡ መጡ። ሦስቱም አሉ። ዘሐራ ሦስቱንም አንድ ላይ አቅፋ መሬት ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ ለቅሶው ቆመ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ አያ ሙሄን አየ።

«ሙሄ» አሉ ሼህ ይመር። «ምን ሰምተህ ነው የነፋኸው?»

«ቤቴ ፈረሰ ስትል።»

«እና?»

«እና ምን ልሁን ሼህ? ሴት ቤቴ ፈረሰ ስትል ግድግዳ ማለቷ ነው ብሎ የሚያስብ ማን ነው? እርስዎ ቢሆኑ ያስቡ ነበር?»

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ሌላው ተከተለው። ያለቀሱት ሴቶች እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ዘሐራ ራሷ ልጆቿን እንዳቀፈች ስትስቅ አየኋት፤ ሳቅም ለቅሶም ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። የወደቀውን ግንብ እያየሁ ነበር። ሁለተኛ ቆርቆሮ የሚነቅል የለም፣ አበቃ፣ እያልኩ።

ሼህ ይመር ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና እጃቸውን አነሡ። «ቅሬ ወጥቶ አፈር ሳይነካ ተመልሶ አያውቅም። በእኔ ጊዜ አይጀመርም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሰዒድ፣ የቱን እንቆፍር?» አሉኝ።

ወላሂ፣ ያንን ጥያቄ መቼም አልረሳውም። ለመቃብር የመጣው አካፋ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ድንጋዩን አነሡት። ግንቡ የሰጠመበትን ቦታ ሳየው አፈሩ ዥጉርጉር ነው፤ ጥቁሩና ነጩ ተደባልቋል። የተነካ አፈር! ዲጂኖዬን ብሰነዝር ዋጠው። እኔ ማዕዘኖቹንና መሐሉን መትቼ ነበር፤ ይሄ ግን በሁለቱ መካከል አግድም የሚያልፍ ጠባብ ቦይ ነበር፤ መሠረቱን የቆፈሩት ልጆችም አፈሩን ለይተው አላወቁትም። ምሽግ ነው። ቆፍረው ተዋግተውበት፣ ሲሄዱ አፈር መልሰውበት፣ ሣር በቅሎበታል። ከከተማው ሰው ያየው አልነበረም፤ ያኔ ሁላችንም ሸሽተን ነበርና። ፈንጂ እንዳይኖር ሚሊሻዎቹ መጥተው አዩት። ቀጥሉ ተባልን። እስከ ጠንካራው አፈር መውረድ አለብን አልኩ። ተቀያይረው ቆፈሩ።

መጀመሪያ የወጣው ሸራ ጫማ ነው።

የሚቆፍረው ሰው አካፋውን አቆመ። ጎንበስ ብሎ በእጁ አፈሩን ጠረገ፤ ከዚያ ቀና ብሎ «ሰው አለ» አለ።  ሼህ ይመርና ቄስ ሞላ ጉድጓዱ አፋፍ ድረስ መጡ። ቄስ ሞላም የቅሬያችን አባል ናቸው። አንድ ወጣት ነበር፤ ተጎንብሶ እንደተቀመጠ አፈር የወረደበት። ልብሱ የማንም ሊሆን የሚችል ልብስ ነው። ወረቀት የለው፣ ማተብ የለው፣ ምልክት የለው።

«ከየትኛው ወገን ነው?» አለ ከሕዝቡ አንዱ።

«አሁን ይሄንን አውቀህ ምን ታደርገዋለህ?» አሉት ቄስ ሞላ። ቁጣ አልነበረበትም።

አያ ሙሄ ጥሩምባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። «ያረቢ» አሉ፤ «እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ አፍሬ ነበር እኮ።»

እኔ ተአምር ቶሎ የማምን ሰው አይደለሁም። ግንበኛ ነኝ፤ ነገር የሚቆመው በምን እንደሆነ አያለሁ። ግን ያን ዕለት ፀጉሬ ቆሟል። ቅሬው ለሞት ተጠራ፤ ወጣ፤ ሞቱም ነበረ።

ሁላችንም ወደ ዘሐራ አየን። ሰው የሞተበት ቦታ ላይ ልጆች ይዞ መኖር ለማንም ቀላል አይደለም። ሌላ ቦታ እንፈልግልሻለን ልላት አፌን ስከፍት እሷ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበረከከች። ጫማውን አነሣች፤ አፈሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«የኔም አንድ ቦታ እንዲህ ቁጭ ብሎ አፈር ወርዶበት ይሆናል» አለች። «ማን እንደሚያገኘው አላውቅም። የሚያገኘውም ሰው ቤት ሊሠራ ሲቆፍር ይሆናል።» ከዚያ ቀና ብላ ሴቶቹን አየች። «ለባሌ አስከሬን አላለቀስኩም። እባካችሁ አሁን አብራችሁኝ አልቅሱ።»

እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፤ ምኑን እደብቃለሁ። አንዷ አዲስ ነጠላዋን ለከፈኑ ሰጠች። እስላም ይሁን ክርስቲያን ስላልታወቀ የት ይቀበር የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ዘሐራ «እዚሁ ጓሮዬ፣ ማንጎዋ ሥር» አለች። ቀበሌው ተነገረው። ሼህ ይመር ፋቲሓ አሉ፣ ቄስ ሞላ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ አንዱ አንዱን ቆሞ ጠበቀው። ስንጨርስ ዘሐራ ወደ እኔ መጣችና «ጋሼ፣ ቤቴን እዚሁ ይሥሩልኝ። ብቻውን አይቀርም» አለችኝ።

በእኛ ደንብ ለቅሶ ሦስት ቀን ይቀመጡታል። ድንኳኑ ተተከለ። በማግስቱ ሰው ሁሉ እንደወጉ ለመቀመጥ ሲመጣ ሼህ ይመር «ቁጭ ብሎ ከማውራት ድንጋይ እያቀበሉ ማዘን ይሻላል» አሉ። ለካ እኔ ስለምነው የነበረው ቀን እንዲህ ሦስት ሆኖ ሊመጣ ኖሯል! ምሽጉን እስከ ታች አጸዱት፣ በትልልቅ ድንጋይ ሞሉት። ሠልጣኞቼ አለቃ ሆኑ፤ ትናንት አካፋ መያዝ የማይችሉ ልጆች አባቶቻቸውን «ፊቱን አዙሩት፣ አይ እንደሱ አይደለም» ሲሉ ሰማሁ። አያ ሙሄ ጭቃ አቦኩ። ቄስ ሞላ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ባሬላውን በአንድ ጫፍ፣ ሼህ ይመር በሌላው ጫፍ ተሸከሙት፤ አንዱ ቁመቱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ ጭቃው ሁልጊዜ በሼሁ በኩል ይፈስሳል። ሼህ ይመር «ይሄ ጭቃ አድሏዊ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ግድግዳው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልቆረቆረኝም።

ጣራው የሺህ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ዥጉርጉር፣ በሬንጅ የተጠቃጠቀ። ከዚያ በኋላ ማንም አንድ አምጡ አላለም፤ ሰው ራሱ እየነቀለ አመጣ። ከዘሐራ ቀጥሎ የሠራናቸውን ቤቶች፣ ከዚያ ሥራ የወጡትን ግንበኞች ዛሬ ከመርሳ እስከ ወልድያ ታገኟቸዋላችሁ። አንዳንዶቹ ከእኔ የበለጠ ያገኛሉ፤ ሲያገኙኝ ሻይ ይጋብዙኛል እንጂ ገንዘብ አያበድሩኝም፤ ሥርዓት ያውቃሉ።

ጦርነቱ ጨርሶ ካበቃና ወደ ሰሜን ያለው መንገድ ከተከፈተ በኋላ ነው የመጨረሻው ነገር የሆነው። ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ የዘሐራን በር ለማስተካከል ሄጄ ነበር፤ በዝናብ ያብጥና ይጠብቅባታል። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ መጣች። አማርኛዋ የእኛ አገር አይደለም፤ ቃሉን እየፈለገች ነው የምትናገረው። የልጇን መቃብር ፍለጋ በየከተማው እየወረደች ትጠይቃለች፤ እዚህ ያልታወቀ ሰው የቀበረች ሴት አለች ብለው ነግረዋት ነው።

ዘሐራ እጇን ይዛ ማንጎዋ ሥር ወሰደቻት። ሸራ ጫማውን አስቀምጣው ነበር፤ አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ። አሳየቻት። ሴትየዋ ብዙ ጊዜ አገላብጣ አየችው።

«እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም» አለች። «ጫማው የሁሉም ልጆች ጫማ ነው።»

«እስኪታወቅ እኔ አለሁለት» አለቻት ዘሐራ። «ዛሬ ግን እኔ ጋ ታድሪያለሽ።»

ሴትየዋ ቤቱን አየች፤ ጣራውን፣ ግድግዳውን፣ መዝጊያውን የያዝኩትን እኔንም። «እዚህ መኖሩን ማን ነገራችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«ማንም» አለች ዘሐራ። «ግድግዳዬ ወድቆ ቤቴ ፈረሰ ብዬ ስጮህ፣ ሰዎች ሰው የሞተ መስሏቸው ወጡ።»

 ሴትየዋ ጫማውን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኔም መርዶው የመጣ ዕለት ቤቴ ፈረሰ ብዬ ነበር የጮህኩት» አለች።

በሩን አስተካክዬ ጨረስኩና ወደ ውስጥ ገቡ።